በግቢያችን ያለው ዛፍ ኒም አልነበረም

መጀመሪያ የደነዘዘው ምላሴ ነው። ጥርስ ለመነቀል መርፌ ተወግቶ የሚያውቅ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ከምላሴ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ከንፈሬ መጣ፤ ከዚያ ወደ አገጬ ወረደ። ለእራት ምስር ወጥ ጥጄ ነበር። ጨው ልቀምስ ማማሰያውን ወደ አፌ ባደርግ ጨዉም በርበሬውም አልሰማኝ አለ። ጨመርኩ። ደግሜ ቀመስኩ፤ አሁንም ምንም። ባለቤቴ ታደለ ኋላ እንደነገረኝ ያን ምሽት ያቀረብኩለት ወጥ ለአፍ የሚቀርብ አልነበረም፤ ፊቴን አይቶ ነው ዝም ብሎ የጎረሰው።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በዛፍ መርዝ ለታመሙና አጠገባቸው ለሚቀመጡ አስታማሚዎች ነው። ስለ ዛፉ የማውቀውን እጽፋለሁ፤ ስለ ሕመሙም እጽፋለሁ። ከሕመሙ ጋር ስለሚመጣ ሌላ ነገርም አልዘልም፤ እሱን ሐኪም አይጠይቃችሁም፤ የላቦራቶሪ ወረቀት ላይም አይወጣም። ቅናት ነው። ተኝቶ እያለ ቤቱ ያለ እሱ ሲቆም ያየ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባዋል።

የተወለድኩት ደባርቅ ነው፤ ብርድ አገር። እዚያ የማውቀው ዛፍ ጽድና ባሕር ዛፍ፣ ኮሶና ግራር ነበር። ኮሶ እንኳ ስንጠጣ መጠኑን የሚያውቅ ትልቅ ሰው ሰፍሮ ይሰጠን ነበር እንጂ ማንም ተነሥቶ ቆርጦ አይጠጣም። አዳማ የመጣሁት ታደለን ተከትዬ ነው። እሱ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የልብስ ስፌት ማሽን ጥገና ይሠራል። ከአገሬ ከራቅሁ ዓመታት ቢያልፉም የቆላ ዛፍ መለየት ግን አልተማርኩም። ጥላ ያለው ሁሉ ለእኔ ዛፍ ነበር።

የተከራየነው ቤት ያለበት ግቢ መሃል አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። ሁሉም ሰው ኒም ይለዋል። አከራያችን እትዬ ብርሃኔ ሟች ባለቤታቸው ችግኙን ሲያመጡት ኒም ተብሎ እንደተሰጣቸው ይናገራሉ፤ እኛም እንደሳቸው ኒም እንላለን። ቅርፊቱ ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ ቁልቁል የተሰነጣጠቀ ነው። ሲያብብ አበባው ሐምራዊ ነው፤ አመሻሽ ላይ ሽታው እስከ መንገድ ይወጣል። ፍሬው እንደ ልጆች ብይ ክብ ሆኖ በረጅም ጭራ ላይ በዘለላ ይንጠለጠላል። አረንጓዴ ሆኖ ይከርምና በበጋ ቢጫ ይሆናል፤ ቅጠሉ ረግፎ እንኳ ፍሬው እዚያው ላይ ይቀራል። ወፎች ይበሉታል፤ ምንም አይሆኑም። ቅጠሉን እኛ ሴቶቹ ባቄላ ውስጥ እንጨምረው ነበር፤ ነቀዝ ዝር አይልም። ፍራሽ ሥርም ለቁንጫ እንበትነዋለን። ነቀዝ የሚገድል ነገር ሰው ላይ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ግቢው ውስጥ ከእኛ ፊት ለፊት የምትኖረው ሞሚና ትባላለች። የወለንጪቲ ልጅ ናት። ባሏ በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ይነዳል፤ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። ልጅ አልወለደችም። ከእኔ ብትበልጥ በትንሽ ነው፤ ጤናዋ ግን ሌላ ነው። ክረምት ሲወጣ ግቢው በሙሉ በወባ ሲወድቅ እሷ ቆማ የሁላችንንም ልብስ ታጥባለች። በዚያ መስከረም እኔም ወደቅሁ። ጤና ጣቢያ የወባ መድኃኒት፣ ኮአርተም ሰጡኝ፤ ዳንኩ። ሞሚና ከእናቷ ጓሮ የኒም ቅጠል በፌስታል አምጥታ አንዴ አፍልታ ሰጠችኝ። መራራ ነበር፤ ጠጣሁት፤ ምንም አልሆንኩም። ሌላ ላምጣልሽ ስትለኝ ተይው አልኳት።

ለምን ተይው እንዳልኩ ልንገራችሁ። ልጄ ሶልያና ያኔ ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ነበር የቀራት። ወባው ላይ እያለሁ ሞሚና ነበረች የምታዝላት። ታደለ ምሳ ላይ ቁጭ ብሎ ሞሚናን እኮ ወባ አይደፍራትም፣ ሰው ማለት እንደ እሷ ነው እያለ ያወራል። በክፋት አይደለም፤ ታደለ እንዲህ ነው። እኔ ግን ከዚያች ሴት እጅ ሌላ ነገር መቀበል ሰለቸኝ። ኒም ከሆነ ደጄ ላይ አለ አልኩ።

የገና ጾም ከገባ በኋላ ነው። ወባው እንዳይመለስብኝ ብዬ ቅጠሉን ቆረጥኩ። ይበረታ መስሎኝ ከአረንጓዴው ፍሬም ጨመርኩበት፤ ወቀጥኩት፤ አፈላሁት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ ነበርና ጸሎቴን አድርሼ በባዶ ሆዴ ጠጣሁት። ጣዕሙ ሞሚና ከሰጠችኝ ይለያል፤ ከመራራነቱ ሌላ የሚያቅለሸልሽ ነገር አለው። መድኃኒት ነው፣ አይጣፍጥም አልኩ።

እራት ሳይነሣ ሆዴን ቆረጠኝ። አስመለሰኝ። ደግሞ አስመለሰኝ። ውሃ ልጠጣ አልኩ፤ መዋጥ አቃተኝ። ታደለ ሁለት ሆኖ ታየኝ። የዓይኔ ቆብ ከበደኝ፤ ዓይኔን በጣቴ ካልከፈትኩት አይከፈትም። ወባው ተመልሶባታል አለ ታደለ። ልጄን አቅፌ ነበር። ወደ ደጅ ወጣሁ፤ አየር ፈልጌ። እግሬ የእኔ አልሆን አለ። ጉልበቴ ታጠፈ።

ሞሚና ልጄን ከክንዴ ላይ ወሰደቻት። እኔ መስጠቴን አላስታውስም። እሷ መውሰዷን አስታውሳለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። በባጃጅ ወሰዱኝ። መንገድ ላይ ተንቀጠቀጥኩ። ሆስፒታሉ በር ላይ እንደገና አንቀጠቀጠኝ፤ ጥርሴ ግጥም አለ። መንቀጥቀጡን የሚያቆም ዳያዜፓም ሰጡኝ። ኦክስጅን አደረጉልኝ። በአፍንጫዬ ቱቦ አስገብተው የከሰል ዱቄት የሚመስለውን አክቲቬትድ ቻርኮል ሰጡኝ። ጉሉኮስ ተሰቀለልኝ። የወባ ምርመራው ነጋቲቭ መጣ። ሐኪሙ ታደለን ምን በላች፣ ምን ጠጣች ብሎ ጠየቀው። ኒም አለ ታደለ።

“በኒም ቅጠል እንዲህ የሆነ ሰው አላጋጠመኝም” አለ ሐኪሙ። “ቅርንጫፉን አምጡልኝ፤ ከነፍሬው።”

አስታማሚዎች ሆይ፣ ይህን ያዙ። ሰው የማታውቁትን ቅጠል ጠጥቶ ከታመመ ቅርንጫፉን፣ ፍሬውን፣ ያፈላበትን ድስት ሳይቀር ይዛችሁ ሂዱ። እኔን ከረዱኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ያመጣችውም ሞሚና ናት። ልጄን አዝላ በጠዋት መጣች፤ በአንድ እጇ ከግቢያችን ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ፣ በሌላው እናቷ ጓሮ ካለው ኒም የተረፋትን ቅርንጫፍ ይዛ። ለምን ሁለት እንዳመጣች ታደለ ቢጠይቃት፣ እኔ ከሰጠኋት ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነውና ልወቀው ነው ያለችው።

ዓይኔን ስገልጥ ሁለቱ ቅርንጫፎች የመስኮቱ ደፍ ላይ ነበሩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሕትና ያለው። ሁለቱንም አንሶላዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

“ይህኛው ኒም ነው። ይኼኛው ኒም አይደለም። ሚሊያ ነው የሚባለው። ዘመዳማቾች ናቸው፤ ሁለቱም ከእስያ የመጡ ናቸው፤ ብዙ ሰው በአንድ ስም ነው የሚጠራቸው።”

እሱ ያሳየኝን ለእናንተ እንዲጠቅም በቃላት ልሣለው። የኒም ቅጠል በአንድ ጭራ ግራና ቀኝ እንደ ላባ ይደረደራል፤ እያንዳንዷ ቅጠል እንደ ማጭድ ጎበጥ ያለች፣ ጠርዟ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ነው። የሚሊያ ቅጠል ግን ከዋናው ጭራ ሌላ ትንንሽ ጭራዎች ያወጣል፤ ቅጠሎቹ ያሉት በእነዚያ ላይ ነው፤ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ ማለት ነው። የኒም አበባ ነጭ ነው፤ የሚሊያ ሐምራዊ። የኒም ፍሬ ሞላላ ነው፤ የሚሊያ ክብ። ቅጠሉ ሲረግፍ ቢጫ ፍሬ አንጠልጥሎ የሚቀረው ሚሊያ ነው። እንደ ሐኪሙ አነጋገር ሕንድና ቻይና ውስጥ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ይጠቀሙበታል፤ ቅርፊቱን ለሆድ ትል፣ ቅጠሉን ለእከክና ለነፍሳት። የሚያውቁት ሰዎች በጥቂቱ ይሰጡት ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ሰው ይሞትበታል። መርዙ የሚበረታው ፍሬው ላይ ነው። ከብትና ፍየልም ይገድላል። እውነተኛው ኒምም ቢሆን ለምታጠባ እናት አይሆንም ብሎኛል፤ እሱንም ሳልጽፍ አላልፍም።

ማርከሻ አለው ወይ አልኩት፤ ድምፄ እንደ ሰካራም ይጎተት ነበር።

“ማርከሻ የለውም። ሰውነትዎ እስኪያስወጣው መደገፍ ነው የኛ ሥራ። ጉበትዎ ተጎድቷል፤ ኢንዛይሙ ከፍ ብሏል። እኔ እስክነግርዎ ድረስ ጡት አያጥቡ።”

ከዚያ ከዘለላው አንድ ፍሬ ቀጥፎ በጓንቱ ላጠው። ሥጋው ሲወጣ ውስጡ ያለው ጠንካራ ፍሬ ታየ፤ ጎን ጎኑ የተሸነተረ፣ መሃሉ በተፈጥሮው እንደ መርፌ ዓይን ክፍት የሆነ። በሕንድም በአረብ አገርም መቁጠሪያ ይሠሩበታል አለኝ፤ ስለሚያምር ነው ያሳየኝ።

እጄ ወደ አንገቴ ሄደ። ባዶ ነበር። ስገባ ነርሶቹ አውልቀው ለታደለ ሰጥተውታል። ከደባርቅ ስወጣ እናቴ አንገቴ ላይ ያጠለቀችልኝ መቁጠሪያ ነው። አንድ ባሕታዊ ሰጧት፤ እሷ ለእኔ ሰጠችኝ። ፍሬው ከእጅ ብዛት ጠቁሮ አብረቅርቋል፤ ሽንትሮቹን በጣቴ ጫፍ አውቃቸዋለሁ። በየጠዋቱ የምስመው ይህን ፍሬ ነው። ሶልያና ጥርስ ስታወጣ ድድዋን የምታክበትም እሱ ነበር።

ልጄ ታኝከው ነበር አልኩት።

“ያሳደረባት ነገር ቢኖር እስካሁን ይታይ ነበር፤ አይጨነቁ። የደረቀና የቆየ ቢሆንም ግን ልጅ አፍ ውስጥ መግባት የለበትም። ከእይታዋ ያርቁት።”

ታደለን ጠርቼ ልጅ እጇ የማይደርስበት ቦታ ስቀለው አልኩት። ከሥዕለ ማርያም በላይ ያለው ምስማር ላይ ሰቀለው።

ሆስፒታል የተኛሁበት ጊዜ እንዴት እንዳለፈ ለሚጠይቁኝ፣ ሕመሙ ከጡቴ በኩል ነበር እላለሁ። ወተቱ አላወቀም። ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል፤ ያግታል፤ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ነርሷ ይለቡት ትለኛለች፤ አልቤ ባኞ ቤት እደፋዋለሁ። በዚያን ሰዓት ልጄ የማን ጭን ላይ እንደሆነች አውቃለሁ። ታደለ ሊያጽናናኝ ብሎ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ያሳየኛል። ሞሚና ጀርባ ላይ ሆና ስትስቅ። ሞሚና በላስቲክ ሳፋ ስታጥባት። አየሽ፣ ምንም አላጣችም ይለኛል። ይህን ለበሽተኛ እናት አትበሉ። ምንም እንዳላጣች መስማት ደስታ እንደሚሆን ታስቡ ይሆናል። ግማሹ ደስታ ነው። ሌላው ግማሽ ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው።

ሞሚና በፔርሙስ አጥሚት ትልክልኝ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ስከፍተው ወተት የለውም፤ በውሃና በኑግ የተሠራ ነው። ታደለ ለካ ጾም ነው ብላ ነው አለኝ። የንስሐ አባቴ ለሕመምሽ ብለሽ ብዪ፣ ጠጪ ብለውኝ ነበር፤ ጾሙን እኔ ትቼዋለሁ። እሷ፣ የእስላም ልጅ፣ ጾሜን እየጠበቀችልኝ ነበር። ሰው እንዲህ ባለ ነገር ያለቅሳል። እኔ ግን በመጀመሪያ የተሰማኝ ቁጭት ነው። ጾሜንም ወሰደችብኝ አልኩ በልቤ።

ጉበቴ ሲሻለው ወጣሁ። እግሮቼ ግን ገና ነበሩ፤ ደንዝዘዋል፤ ደረጃ መውጣት አልችልም፤ እጄም ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ ነርቭ ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው፣ ፊዚዮቴራፒ ያደርጋሉ፣ ከባድ ነገር አያነሡም ብሎኛል። ሶልያና ከባድ ነገር ሆነች።

ግቢ ስገባ ሞሚና ልጄን ታቅፋ ከበሩ ቆማ ነበር። እጄን ዘረጋሁ። ሶልያና አየችኝ፤ ከዚያ ፊቷን ሞሚና አንገት ውስጥ ቀበረች። ሞሚና ደንግጣ፣ “ኧረ እናትሽ ናት፤ የሶሊ እናት፣ እንቅልፏ ስላልወጣ ነው” አለች። ልጄ ነቅታ ነበር። ሁላችንም አይተናል።

ቤቴ ንጹሕ ነበር። ይህም አናደደኝ። የበርበሬና የሽሮ ዕቃዎቼ እኔ ከማስቀምጥበት በሌላ ተራ ተደርድረዋል፤ የእሷ ተራ ከእኔ የተሻለ ነው። የምታበስለው በእኔ ድስት፣ በእኔ ዕቃ ነው፤ ከቤቷ ምንም አታመጣም፤ ሥጋ እንዳይነካካብን ብላ። ታደለ ስትወጣ ስትገባ ይቀልድባታል፤ እሷም አትለቀውም፤ “አንተ የማሽን እንጂ የሽሮ ባለሙያ አይደለህም” ትለዋለች፤ ይሳሳቃሉ። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ሳቃቸውን አዳምጣለሁ። መጥፎ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ እያወቅሁ አዳምጣለሁ። ከእኔ ጋር ሲሆን ሁሉም ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው። ማንም ከእኔ ጋር አይቀልድም ነበር፤ ሰው በሽተኛ መሆኑን የሚያውቀው በዚህ ነው።

አንድ ቀን ሶልያና አልጋዬ አጠገብ መጥታ ቆመችና እጇን ዘርግታ “ና ባዹ” አለችኝ። አልገባኝም። ውሃ ሰጠኋት፤ ገፋችው። ዳቦ ሰጠኋት። ደገመችው፤ ከዚያ አለቀሰች። ሞሚናን መጥራት ነበረብኝ። አዝዪኝ ነው የምትልሽ አለችኝ፤ ኦሮምኛ ነው። ልጄ ምን እንደምትፈልግ ለማወቅ ጎረቤት ጠራሁ። ሲገባኝም ላዝላት አልችልም ነበር። ሞሚና ጎንበስ አለችና አዘለቻት። ጀርባዋ ሰፊ ነው።

የሚከተለው ለእኔ ከመንቀጥቀጡ ይከብዳል።

ልጄን ወደ እኔ የሚያመጣት አንድ ነገር ብቻ ነበር። መቁጠሪያው። ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ ታየዋለች፤ ጣቷን ወደ እሱ ትቀስራለች፤ ከእኔ ጋር አያይዛ ታውቀዋለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ሞሚና ገበያ ሄዳ፣ እኔና ሶልያና ብቻችንን ቤት ውስጥ ነበርን። በሩ አጠገብ ተቀምጣ ለሞሚና ታለቅሳለች። ተነሥቼ ግድግዳውን ተደግፌ መቁጠሪያውን አወረድኩት። ልጸልይ ነበር፤ እውነቴን ነው። ፍሬዎቹ ሲንኳኩ ዝም አለች። ዞረች። ከዚያ መጣች፤ እየሮጠች። ጭኔ ላይ ወጣች። ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ የመጀመሪያው ነበር። ጠረኗ የሞሚና ቅባት ነበር፤ ክብደቷ ግን የእኔ ልጅ ነው። መቁጠሪያውን በሁለት እጇ ያዘችና አንዱን ፍሬ ወደ አፏ ወሰደችው።

ለጥቂት ጊዜ ብተዋት። እንዲህ አሰብኩ። የደረቀ ነው። የቆየ ነው። ድሮም ታኝከው ነበር። ሐኪሙም አይጨነቁ ብሏል። ጭኔ ላይ ትቆያለች።

ከእጇ አስለቀቅኩት። ጣቷን አንድ በአንድ ፈታሁ። ጮኸች። መታችኝ። ከጭኔ ወርዳ ወደ በሩ ሄደች፤ ሞሚና ከገበያ ስትገባ ቀሚሷ ላይ ተጠመጠመችባት። ሞሚና ምን ሆናችሁ አለች። ምንም አልኩ። መቁጠሪያውን ቀሚሴ ሥር ይዤው ነበር። ያን ሰዓት ያችን ሴት ጠላኋት ብል ይሻላል፤ ቅናት የሚለው ቃል ያንሳል።

በማግሥቱ ደባርቅ ደወልኩ። እናቴ ከመነኮሰች ወዲህ ስልክ የሚያነሡላት ሌሎች ናቸው፤ እስክትመጣ ጠበቅሁ። መቁጠሪያሽን ልጄ ስላለች ቤት ውስጥ ማኖር አልቻልኩም፣ ቤተ ክርስቲያን ልስጠው ወይስ ምን ላድርገው አልኳት። ያለ እሱ እንዴት አድርጌ እጸልያለሁ ብዬ አለቀስኩ። የማለቅሰው ለመቁጠሪያው ብቻ አልነበረም።

“አንቺ ውዴ” አለችኝ እናቴ፣ “ጣት የለሽም?”

ታደለ መቁጠሪያውን ወስዶ ለቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ሰጠው፤ ልጅ የማይደርስበት ቦታ እንዲያኖሩት ነግሯቸዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ በጣቴ አንጓዎች መቁጠር ያዝኩ። አውራ ጣቴ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ከአንጓ ወደ አንጓ ማሻገሩ ራሱ እንደ ፊዚዮቴራፒ ሆነልኝ። በየቀኑ ደግሞ ከበሬ እስከ ዛፉ እራመዳለሁ፤ ዛፉን ተደግፌ አርፋለሁ፤ እመለሳለሁ። አዎ፣ ያንኑ ዛፍ። እትዬ ብርሃኔ ይቆረጥ ሲባሉ ግቢው ያለ ጥላ አይኖርም ብለው እንቢ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ይልቅ ፍሬው ሲረግፍ ሴቶቹ ተራ ገብተው ይጠርጋሉ፤ ግንዱ ላይም ታደለ በቀይ ቀለም መርዝ ብሎ ጽፎበታል። ባቄላ ውስጥ የነበረውን ቅጠል ሁላችንም አውጥተን ጣልነው።

እንዲህ ተቀምጬ አንድ ጠዋት እግዚኦ እያልኩ አንጓዬን ስቆጥር ሶልያና ከሞሚና በር ላይ ሆና ታየኝ ነበር። ቀስ ብላ መጣች። እጄን ያዘች። ትንሿን ጣቷን አንጓዬ ላይ አድርጋ ወደሚቀጥለው አሻገረችው፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች። ማን እንዳስተማራት ወዲያው ገባኝ። ሞሚና ከሶላቷ በኋላ ምንጣፏ ላይ ተቀምጣ ዚክሯን የምትቆጥረው በጣቷ ነው፤ ልጄ ጭኗ ላይ ሆና ስትቆጥር ኖራለች። ወደ እኔ ያመጣት ሞሚና የምታደርገውን ሳደርግ ስላየችኝ ነው።

ያኔም ቀናሁ። እጄን ግን አልሰበሰብኩም። እስክትጨርስ ጠበቅኋት፤ አንዱን እጄን ስትጨርስ ሌላውን ሰጠኋት።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅምና ጸጥ ያለ ነው። በመጀመሪያ ለጸሎት ብቻ ትመጣ ነበር፣ ከዚያ ምሳ ላይ፣ ከዚያ ደግሞ ስትወድቅ ጉልበቷን ልታሳየኝ፤ ጡቱን ግን እንደተወች ቀረች፤ ሐኪሙ ፈቅዶልኝ እንኳ ብሰጣት አይታኝ ሳቀች። ፋሲካ ሲደርስ እግሮቼ ደረጃ መውጣት ቻሉ፤ ጉበቴም ጤናማ ሆነ። ጠበል የሄድኩት ሐኪሙን አስፈቅጄ ነው፤ ሁለቱ አይጣሉም፤ አንዱን ይዛችሁ ሌላውን አትጣሉ።

ለእናንተ የምለው ይህን ነው። ቅጠል በስሙ አትመኑ፤ አንድ ስም ሁለት ዛፍ ሊይዝ ይችላል። ያፈላችሁት ነገር ጣዕሙ ከለመዳችሁት ከተለየ አቁሙ። ምላስ ሲደነዝዝ፣ ሰው ሁለት ሆኖ ሲታይ፣ የዓይን ቆብ ሲከብድ ነገ ይሻለኛል አትበሉ። ወተት ወይም ዘይት እየጠጣችሁ አትጠብቁ፤ ሐኪም ቤት ሂዱ። ለሚያጠቡ እናቶች ደግሞ፣ ምንም ዓይነት ቅጠል ሳትጠይቁ አትጠጡ። አስታማሚ የሆናችሁ፣ በሽተኛውን በቤቱ ጉዳይ ጠይቁት፤ ጨው የት ይቀመጥ፣ ልጁ ምን ይልበስ በሉት። መልሱን ባትፈልጉትም ጠይቁት። ቀልዱበትም።

ቅናት ከመጣባችሁ ደግሞ አትደንግጡ። እንደ መደንዘዙ የሕመሙ አንድ ክፍል ነው፤ ሲለቅም እንደ እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚለቅ። ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። ለሞሚናም ነግሬያታለሁ። ስነግራት፣ “እኔስ? አንቺ የወለድሻትን እያየሁ ስንት ዓመት አብሬሽ ኖርኩ” አለችኝ።

እግዚአብሔር ይመስገን። ያን ወጣት ሐኪም፣ ወተቴን ስደፋ ፊቷን አዙራ ትቆም የነበረችውን ነርስ፣ ጨዋማ ወጥ ዝም ብሎ የበላውን ታደለን አመሰግናለሁ። ሞሚናን አመሰግናለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ።

አሁን አመሻሽ ላይ ከበሯ ሆና፣ “የሶሊ እናት፣ ልጄን ስጪኝ፤ ተራዬ ነው” ብላ ትጠራኛለች። እሰጣታለሁ። ሶልያና በራሷ እግር ግቢውን ታቋርጣለች፤ እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ አያታለሁ። መሃል ላይ፣ ከዛፉ ሥር ስትደርስ፣ ብዙውን ጊዜ ዞር ብላ ታየኛለች። ዞር ያላለች ቀን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዛሬም ይቆጠቁጠኛል።